«ልጄ፣ የዛሬው አልበዛም?»

ጥያቄ

ውድ አማካሪያችን፣ ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ከተማሪነቴ ጀምሮ እከታተላለሁ። ቀድሞ ነርስ እንደነበሩም ስለማውቅ ይህን ጉዳይ ከእርስዎ በቀር ለማን እንደማዋየው አላውቅም።

ዕድሜዬ 24 ነው። በነርሲንግ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ይዤ፣ የመውጫ ፈተናውንም የሙያ ብቃት ምዘናውንም በመጀመሪያው ሙከራ አልፌ፣ ከቤተሰቦቼ ከተማ የአንድ ቀን መንገድ በሚርቅ ሆስፒታል ሥራ ከጀመርኩ ሦስተኛ ወሬን ይዣለሁ። የተመደብኩት ሜዲካል ዋርድ (የውስጥ ደዌ ታካሚዎች የሚተኙበት ክፍል) ነው። ለሁለት ሳምንት ከነባር ነርሶች ጋር ቀን ቀን ከሠራሁ በኋላ ዲውቲ፣ ማለትም ተረኛነት፣ ገባሁ። ማታ 32 አልጋ ለሁለት ነርስ ነው።

ከአንድ ወር በፊት እንዲህ ሆነ። ከሁለት ቀን ዕረፍት ተመልሼ የማታ ዲውቲ ስገባ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ከራት በፊት ኢንሱሊን የሚሰጣቸው አንዲት እናት ነበሩ። ካርዳቸውን አይቼ በ1 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ቀዳሁና ወደ አልጋቸው ሄድኩ። ሆዳቸውን በአልኮል ጠርጌ ልወጋቸው ስል እጄን ያዝ አደረጉና «ልጄ፣ የዛሬው አልበዛም? እኔ ቤቴ የምወጋው ከዚች ጭረት አያልፍም» አሉኝ። ሲሪንጁን ወደ መብራቱ አነሣሁት። ሙሉ ነበር። የታዘዘላቸው 10 ዩኒት ነው፤ እኔ የያዝኩት 100 ነበር። «ይቅርታ እማማ፣ ልቀይረው» ብዬ ወጣሁ፤ አፈሰስኩት፤ እንደገና ቀድቼ ሰጠኋቸው። እሳቸው መረቁኝ። እኔ ግን መጸዳጃ ቤት ገብቼ እግሬ እስኪጸና ድረስ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ።

ለማንም አልተናገርኩም። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን መድኃኒት ሦስት አራት ጊዜ ስለማሰላ ሥራዬ ተንቀራፈፈ። አብረውኝ ዲውቲ የሚገቡት ሲኒየር ነርስ አሥራ አራት ዓመት የሠሩ ናቸው። አንድ ሌሊት ስለ አንድ መድኃኒት አሟሟት ስጠይቃቸው «አራት ዓመት ሙሉ ምን ስትማሪ ነበር?» አሉኝ፤ በአስታማሚዎች ፊት። ከዚያ በኋላ መጠየቅ አቆምኩ። የማላውቀውን ተደብቄ ከስልኬ ላይ እፈልጋለሁ። ተማሪ ሳለሁ ጎበዝ ነበርኩ፤ አሁን ምን ነካኝ?

አባቴ በመጀመሪያ ደመወዜ የገዛሁለትን ጋቢ ለብሶ በሰው ሁሉ ፊት «ሲስተር ልጄ» እያለ ያወራል። ስልኩ ሲጠራ ሆዴ ይላወሳል። ሥራውን ልተወው? ወይስ ወደ ጤና ጣቢያ ልዛወር? የዚያን ምሽቱን ነገር ለሄድ ነርሷ (ለዋርዱ ነርሶች ኃላፊ) ብናገርስ ፈቃዴን አይቀሙኝም? ወይስ ማንም ስላልተጎዳ ሆድ ይፍጀው?

ሲስተር መባል የከበዳት

መልስ

ልጄ፣ ደብዳቤሽን እያነበብኩ መጸዳጃ ቤቱ ግድግዳ ዘንድ ስደርስ ቆም አልኩ። እኔም እንዲህ ያለ መደገፊያ ነበረኝ፤ የእኔው የመድኃኒት ክፍሉ በር ነበር። ስለዚህ ከማማ ላይ ሆኜ እንደማልጽፍልሽ አስቀድመሽ እወቂልኝ።

ማንም ስላልተጎዳ ምንም አይደለም አልልሽም፤ ብልሽም አታምኚኝም። 100 ዩኒት ኢንሱሊን ምን እንደሚያደርግ ታውቂያለሽና። በየዋርዱ የተለመደው፣ ኤን ፒ ኤች የሚባለው ደፍረስ ያለ የኢንሱሊን ዓይነት ከሆነ፣ ጉልበቱ የሚበረታው ከተወጋ ከአራት ሰዓት ገደማ በኋላ ጀምሮ ነው፤ ይኸውም ከምሽቱ 4 ሰዓት አንሥቶ እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓትና ከዚያም በላይ፣ አስታማሚው ከአልጋው ሥር ጋቢውን ተከናንቦ በሚተኛበትና ዋርዱ ጸጥ በሚልበት ጊዜ ማለት ነው። ስኳሯ ወርዶ ራሷን የሳተች ታካሚና ከባድ እንቅልፍ የወሰዳት ታካሚ ከሩቅ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። እጅሽ የሚንቀጠቀጠው ይህን ስለምታውቂ ነው። ይህን እያወቀች እጇ ንቅንቅ የማይል አዲስ ነርስ ብትጽፍልኝ ኖሮ የበለጠ እሰጋ ነበር።

የዚያን ምሽት ሌላውን ግማሽ ግን ያለፍሽው ይመስለኛል። ታካሚዋ ጠየቁሽ፤ አንቺም ሰማሻቸው። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ። «አይጨነቁ እማማ፣ የሐኪም ትእዛዝ ነው» ብሎ መውጋት በጣም የተለመደ ነው፤ በተለይ ሰዓቱ ከገፋና ሌላ አሥር ሰው ከጠበቀ። አንቺ ሲሪንጁን ወደ መብራቱ አነሣሽው። ያን ምሽት እኒያን እናት ያተረፈው ከአራት ዓመት ትምህርት የተገኘ ዕውቀት ሳይሆን አንድ ጥያቄና ጥያቄውን የሰማ ጆሮ ነው። ወደዚህ ነገር ደጋግሜ ስለምመለስ ያዢልኝ።

የእኔን ልንገርሽ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር፣ ጎን ለጎን በተዘረጉ ሁለት አልጋዎች ላይ ሁለት ሞክሼዎች ተኝተው ነበር። የጠዋቱን አምፒሲሊን (ከፔኒሲሊን ወገን የሆነ መድኃኒት) ይዤ ሄድኩና «ወይዘሮ እገሌ ነዎት?» አልኩ። «አዎ» አሉ፤ ነበሩም። የአባታቸውን ስም አልጠየቅኩም፤ የካርድ ቁጥራቸውንም አላየሁም። ሰጥቼ ወደ ሁለተኛዋ ስዞር ነው የገባኝ። የመድኃኒት ክፍሉን በር ተደግፌ ስንቀጠቀጥ ሄድ ነርሳችን አገኙኝና ምን እንደሆንኩ ጠየቁኝ። እውነቱን ለመናገር፣ እሳቸው ባይደርሱ ኖሮ የምናገር አይመስለኝም። ከእኔ ጋር ወደ ሐኪሙ ሄዱ፤ ታካሚዋ ለፔኒሲሊን አለርጂ እንዳለባቸውና እንደሌለባቸው ተጠየቀ፤ ለሰዓታት በዓይን ተጠበቁ፤ ምንም አልሆኑም። ከዚያ በኋላ ሄድ ነርሷ የነገሩኝን እስከ ጡረታዬ ሠራሁበት። «እገሌ ነዎት?» አትበዪ፤ «ስምዎን ከነአባትዎ ይንገሩኝ» በዪ። የታመመና የሚፈራ ሰው ለጠየቅሽው ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። ስህተቱ እንዴት እንደተፈጠረ ለራስሽ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ? «ደደብ ስለሆንኩ» የሚለውን መልስ አልቀበልም። እኔ ሁለት መንገድ ይታየኛል። አንደኛው ከካርዱ ይጀምራል። ትእዛዙ ላይ «ዩኒት» የሚለው ቃል በአንድ የላቲን ፊደል (U) ብቻ አጥሮ ከቁጥሩ ጋር ተጣብቆ ከተጻፈ፣ ያ ፊደል በችኮላ ሲጻፍ ዜሮ ይመስላልና አሥሩ መቶ ሆኖ ይነበባል። ይህ አንቺ የፈጠርሽው ችግር አይደለም። የአሜሪካ ሆስፒታሎችን የሚመዝነው ጆይንት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2004 ካገዳቸው አጻጻፎች አንዱ ይኸው ነው። ሁለተኛው መንገድ ከሲሪንጁ ይጀምራል። በዩኒት የተሰመረ የኢንሱሊን ሲሪንጅ ሲጠፋ በ1 ሚሊ ሊትሩ ይቀዳል። እዚያ ላይ 10 ዩኒት ማለት 0.1 ሲሆን፣ 100 ዩኒት ማለት ደግሞ 1 ነው። በነጥብ ብቻ ይለያያሉ፤ ከዕረፍት የተመለሰችና 16 አልጋ የተሸከመች ሰው ነጥብ ቢያመልጣት የሚገርም አይደለም። በመጀመሪያው መንገድ የተሳሳትሽ ከሆነ መፍትሔው ያልጠራ ትእዛዝ ሲገጥምሽ ጸሐፊውን መጠየቅና ቃሉን በሙሉ ማስጻፍ ነው። በሁለተኛው ከሆነ ዋርዱ የኢንሱሊን ሲሪንጅ እንዲያገኝ ማድረግ ነው፤ እስኪገኝ ድረስም ስንት ዩኒት ስንት ሚሊ ሊትር እንደሆነ በትልቁ ተጽፎ የመድኃኒት ማዘጋጃው ጠረጴዛ ላይ ይለጠፍ። መድኃኒቱን አራት ጊዜ ማስላትሽ ግን ለሁለቱም አይሆንም። የተሳሳተ ቁጥር አራት ጊዜ ቢሰላ ያው የተሳሳተ ቁጥር ነው።

ከራስ ይልቅ የሌላ ዓይን ይረዳል። ኢንሱሊን፣ ሄፓሪን፣ በደም ሥር የሚሰጥ ፖታሲየም ክሎራይድ፣ እነዚህን የመሳሰሉ መድኃኒቶችን ሌላ ነርስ ሳታይልሽ አትስጪ። ስታሳዪም አጠያየቅሽ ልክ እንደ ሞክሼዎቹ ነገር ነው። ሲሪንጁን ይዘሽ «ይኸው 10 ነው አይደል?» ካልሻት ባልደረባሽ ቀና ሳትል «አዎ» ትልሻለች። «ካርዱን ያንብቡልኝና እዚህ ላይ ስንት እንደቀዳሁ ይንገሩኝ» ካልሽ ግን የግድ ማየት አለባት።

ልናገር ወይስ ሆድ ይፍጀው ላልሽው፣ እኔ እንድትናገሪ እመክርሻለሁ። ሆድሽ እየፈጀው አይደለም፤ አንቺን እየፈጀሽ ነው። በዚያ ላይ ያው ሲሪንጅና ያው አጻጻፍ ዛሬ ማታም ዋርዱ ውስጥ አሉ፤ ነገ የሚቀጠረው ልጅ ደግሞ ስኳራቸውን የማያውቁ ወይም ራሳቸውን የሳቱ ታካሚ ሊያጋጥመው ይችላል። እኒያን እናት ያተረፋቸው ለዓመታት ቤታቸው ራሳቸውን መውጋታቸው ነው፤ ሁሉም ታካሚ ጭረት የሚቆጥር አይደለም።

ፈቃድሽን ስለመቀማት የሚሰማሽን ፍርሃት አላናንቅም። ለታካሚ ሳይደርስ የታረመን ስህተት ራስ ቀርቦ መናገር ግን አንድ ነገር ነው፤ ጉዳት አድርሶ መዝገብ መሰረዝ ሌላ ነገር ነው። የሙያ ሥነ ምግባር የሚያየውም ለየብቻ ነው። ሄድ ነርሷ እንዴት እንደሚቀበሉሽ ማረጋገጫ ልሰጥሽ ግን አልችልም፤ ሊቆጡ ይችላሉ። ወሩ ሙሉ ለምን ዝም እንዳልሽ መጠየቃቸውም አይቀርም። «ፈርቼ ነው» ከማለት የተሻለ መልስ የለም፤ ሌላ ምክንያት አትፈልጊ።

አነጋገሩን ከፈለግሽ እንዲህ አድርጊው። በርክክብ ግርግር መካከል አይሁን። አሥር ደቂቃ ለብቻቸው ማነጋገር እንደምትፈልጊ አስቀድመሽ ንገሪያቸውና በሩን ዝጊ። «ከአንድ ወር በፊት በማታ ዲውቲ ላይ ለአንዲት ታካሚ 10 ዩኒት ኢንሱሊን መስጠት ሲገባኝ 100 ቀዳሁ። ታካሚዋ ስለጠየቁኝ ሳልሰጥ ቀየርኩት። በወቅቱ ባለመናገሬ አጥፍቻለሁ። የኢንሱሊን ሲሪንጅ ስለሌለን ሌላውም ሰው ሊሳሳት ይችላል ብዬ ነው የመጣሁት።» በቃ፤ ራስሽን እየረገምሽ አታስረዝሚው። ሆስፒታላችሁ የጥራት ክፍል ካለው ለዚህ የሚሞላ ቅጽ ይኖራቸዋል፤ እንዲሰጡሽ ጠይቂ። ቃልሽ ወረቀት ላይ ሲሰፍር ከሐሜት ይጠበቃል።

በደብዳቤሽ ውስጥ ከኢንሱሊኑ ይልቅ ያስደነገጠኝ ሌላ ዐረፍተ ነገር እንደሆነ ልንገርሽ። «ከዚያ በኋላ መጠየቅ አቆምኩ» ብለሻል። ልጄ፣ ያ ምሽት የዳነው በጥያቄ ነው፤ አሁን ደግሞ ጥያቄን ከዋርዱ አስወጥተሽ ስልክሽ ውስጥ ደብቀሽዋል። ስልክ መጥፎ አይደለም፤ የመድኃኒት መጠንና አሟሟት መመልከት ተገቢ ነው። ግን ስልኩ አልጋው ላይ ያሉትን ሰው አያያቸውም። ኩላሊታቸው እንደደከመ፣ ከጠዋት ጀምሮ እህል እንዳልቀመሱ፣ ያው መድኃኒት ትናንት ሽፍታ እንዳወጣባቸው አይነግርሽም። ሲኒየሯ ይነግሩሻል፤ ቢቆጡም እንኳ።

ስለ እሳቸው ሳስብ ሁለት ስሜት ይታገለኛል። በሰው ፊት ማዋረዳቸው ጥፋት ነው፤ አላቃልለውም። አሥራ አራት ዓመት በዚያ ዋርድ የቆዩ ሰው ደግሞ ስንት አዲስ ነርስ እንዳሠለጠኑና ከመካከላቸው ስንቱ በዓመቱ ጥሎ እንደሄደ ገምቺ። ያን ሌሊት ከእሳቸው 16 አልጋ በላይ የአንቺም ከፊሉ እሳቸው ጫንቃ ላይ ነበር። የተቆጡት በአንቺ ነው ወይስ በሌሊቱ? በሌላ ጊዜ፣ ሻይ ስትጠጡ ወይም ርክክቡ ካለቀ በኋላ ጠባያቸው ምን ይመስላል? አንቺ ነሽ የምታውቂው። ዋርዱ ቀለል ባለበት ሰዓት እንዲህ ብትያቸውስ? «ሲስተር፣ ሳጠፋ ይቆጡኝ፤ ብቻ ከአልጋው ራቅ ብለን ይሁን። ታካሚው እኔን ማመን ካቆመ ከእጄ መድኃኒት አይቀበልም።» ይህ አቤቱታ ስላልሆነ ለመስማት አይከብድም። ካልሰሙሽና ውርደቱ ከቀጠለ ግን ለሄድ ነርሷ ማሳወቅ መብትሽ ነው፤ በዲውቲ ፕሮግራሙ ከሌላ ሰው ጋር እንዲመድቡሽም መጠየቅ ትችያለሽ።

አጠያየቅሽም ሊረዳሽ ይችላል። «ይህ እንዴት ነው የሚሰጠው?» ከምትዪ «ሴፍትሪያክዞኑን በዚህን ያህል ውኃ አሟሙቼ በዝግታ ልሰጥ ነው፤ ግን የተሰቀለው ሪንገር ስለሆነ በዚያው መስመር መስጠቱ አሳሰበኝ» በዪ። ያሰብሽውን አስቀድመሽ ስታሳዪ ሰው አያናንቅሽም። ደግሞም ሪንገር በተባለው በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ውስጥ ካልሲየም ስላለ ሴፍትሪያክዞን ከሚባለው አንቲባዮቲክ ጋር በአንድ ጊዜ በአንድ መስመር እንደማይሄድ ማወቅሽን እግረ መንገድሽን ታሳያለሽ።

ተማሪ ሳለሽ ጎበዝ ነበርኩ፣ አሁን ምን ነካኝ ላልሽው፣ የጠፋብሽ ነገር ያለ አይመስለኝም። አታችመንት (የተማሪዎች የሆስፒታል ልምምድ) ላይ ሁለት ወይም ሦስት ታካሚ ይሰጥሻል፤ የአንዱን የነርሲንግ ፕሮሰስ (የእንክብካቤ ዕቅድ) ስትጽፊ ግማሽ ቀን ያልቃል፤ ኢንስትራክተሯ ከኋላሽ ቆማ እጅሽን ታያለች፤ ሎግ ቡክሽ ላይ የምትፈርመውም እሷ ናት። ፈተናውም ቢሆን ጥያቄውን ከነአራት ምርጫው ነው የሚሰጥሽ። ዋርዱ ምርጫውን አይሰጥሽም፤ ጥያቄውን እንኳ አይነግርሽም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የ7 ቁጥሩ ግሉኮስ ቆሟል፣ የ12ቱ አስታማሚ ይጣራል፣ የ20ዎቹ አዛውንት ካኑላቸውን ነቅለው ደም በደም ሆነዋል፣ 31 ቁጥር ደግሞ ዝም ብለዋል። ጥያቄው ከእነዚህ የቱ እንደሆነ መለየት ነው ሥራው። አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ መታየት ያለበት ዝም ያለው ነው፤ ይህን መጽሐፍ ቢነግርሽም እግርሽ የሚለምደው በጊዜ ነው።

ይህ በአንቺ አልተጀመረም። ማርሊን ክሬመር የምትባል አሜሪካዊት ነርስ እ.ኤ.አ. በ1974 ከትምህርት ቤት ወጥተው ሥራ ላይ የሚደርሱ ነርሶች የሚገጥማቸውን ድንጋጤ ስም አውጥታለት ጽፋለች። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ደግሞ ፓትሪሺያ ቤነር የተባለች ሌላ ነርስ ከጀማሪነት እስከ ሊቅነት አምስት ደረጃዎችን ለይታ፣ አንዲት ነርስ ሦስተኛውን፣ ማለትም ብቁ የሚባለውን ደረጃ የምትይዘው በአንድ ዓይነት ሥራ ላይ ሁለት ሦስት ዓመት ከቆየች በኋላ እንደሆነ አሳይታለች። አንቺ ሦስት ወር እንኳ አልሞላሽም። ፈቃዱ እንድትጀምሪ የሚያስችል ወረቀት ነው፤ ሲኒየሯ ግን እንደ ማብቂያ ቆጠሩብሽ፤ አንቺም ተቀበልሻቸው።

እስከዚያው ሌሊቱን የሚያቀልልሽ ሁለት ነገር ልጥቀስ። ርክክቡን ከጠረጴዛው ዘንድ ሳይሆን በየአልጋው እየዞራችሁ እንድታደርጉት ጠይቂ። ካልተቻለም ተረክበሽ እንዳበቃሽ፣ ምንም ሥራ ሳትነኪ፣ ሩብ ሰዓት ወስደሽ በእያንዳንዱ አልጋ ፊት እለፊ። ትንፋሹ፣ ንቃቱ፣ የተሰቀለው ግሉኮስና ኦክስጅኑ፤ ለጊዜው ሌላ አትዪ። በአንድ የታጠፈ ወረቀት ላይ አልጋ ቁጥሩንና የመድኃኒት ሰዓቱን ብቻ ጽፈሽ ጋዋንሽ ኪስ ውስጥ ያዢ። ሁለተኛው ሐኪም ስትጠሪ ነው። «ዶክተር፣ ታካሚው ደህና አይደለም» ከተባለ ሐኪሙ «እሺ፣ እመጣለሁ» ብሎ ወደ እንቅልፉ ይመለሳል። «ከሜዲካል ዋርድ ነው። የ9 ቁጥር አልጋ፣ በሳንባ ምች የተኙት የ60 ዓመት ሰው፣ ኦክስጅናቸው ከ94 ወደ 86 ወርዷል፤ ትንፋሻቸው በደቂቃ 32 ነው። ኦክስጅን ጨምሬያለሁ። አሁን መጥተው እንዲያዩልኝ እፈልጋለሁ» ብትዪው ግን ይነሣል። ከመደወልሽ በፊት ወረቀት ላይ ጻፊና አንብቢው፤ ድምፅሽ ቢንቀጠቀጥም ቁጥሮቹ አይንቀጠቀጡም።

ሥራውን ልተወው ወይ ለሚለው ጥያቄሽ ቁርጥ ያለ መልስ ብሰጥሽ ደፋርነት ይሆንብኛል፤ ሕይወቱ ያንቺ ነው። አንድ ነገር ግን እንድትለዪ እጠይቅሻለሁ። የምትሸሺው ነርስነትን ነው ወይስ ያን ሲሪንጅ? የታካሚ አልጋ ዘንድ ስትቆሚ፣ ፍርሃቱ ለአፍታ ሲለቅሽ፣ ሥራው ደስ ይልሻል? ደም ሥር አግኝተሽ የሰውየው ፊት ሲፈታ የሚሰማሽ ነገር አሁንም አለ? ካለ፣ የምትሸሺው ሌላ ነገር ነው፤ እሱም ካልተናገርሽው የትም ይከተልሻል። ወደ ጤና ጣቢያ መዛወርም ክፉ ሐሳብ አይደለም፤ አንዳንድ ሰው እዚያ ነው የሚያብበው። ነገር ግን ቀላል ይሆናል ብለሽ እንዳትሄጂ፤ እዚያ ማታ የምትጠይቂው ሲኒየር፣ ቢቆጣም ባይቆጣም፣ ጨርሶ ላይኖር ይችላል። እኔን ከጠየቅሽኝ፣ ስድስት ወር እስኪሞላሽ ውሳኔውን አቆዪውና በየወሩ አንድ ጊዜ ያለፈውን ወር መለስ ብለሽ እዪ፤ ባለፈው ወር ያስፈራሽ የነበረ፣ አሁን ግን ሳታስቢው የምትሠሪው ነገር አለ? ምንም ካላገኘሽ ያኔ ዝውውሩን በረጋ ልብ ጠይቂ።

ይህን ሁሉ ስል ስለ እንቅልፍሽም አስባለሁ። በዕረፍት ቀንሽም የማትተኚ፣ ምግብ የማይበላልሽ፣ ያ ምሽት በየቀኑ እየተመለሰ የሚያስለቅስሽ ከሆነና ይህም ሳምንታት ከዘለቀ፣ ሆስፒታላችሁ ውስጥ የአእምሮ ጤና ክፍል ካለ ሄደሽ አማክሪ። በአጠቃላይ ሆስፒታሎች ብዙ ጊዜ እዚያ የምትቀበልሽ ራሷ ነርስ ናት፤ ስለ ሌሊት ዲውቲ ማስረዳት አያስፈልግሽም።

አባትሽ ሲደውሉ ስልኩን አንሺላቸው። ስለ መቶና አሥር ዩኒት መንገር ላይኖርብሽ ይችላል፤ «ሥራው ከብዶኛል አባባ፣ ገና እየተማርኩ ነው» ማለት ግን ትችያለሽ። ጋቢውን በሚያሳዩት ሰው ሁሉ ፊት ሲስተር ማለታቸውን አይተዉም፤ አንቺ ግን ከእሳቸው ዘንድ ፍጹም ሆነሽ መቅረብ አይጠበቅብሽም። እኒያ እናትም የስኳር ታካሚ ናቸውና ለክትትል ቀጠሮ መምጣታቸው አይቀርም። ተመላላሽ ክፍል ብታገኚያቸው ምናልባት ነገሩን ረስተውት ይሆናል። እንደጠየቁሽ አስታውሻቸውና አመስግኚያቸው፤ ሁልጊዜም እንዲጠይቁ ንገሪያቸው።

ለሄድ ነርሷ የምትነግሪበትን ቀን ዛሬውኑ ወስኚ። ከማታ ዲውቲ በወጣሽበት ጠዋት ግን አይሁን፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ወይ ያለቅሳል ወይ ይቆጣል። ከዕረፍት በምትመለሺበት ቀን ጠዋት፣ ቁርስ በልተሽ፣ ያችን የታጠፈች ወረቀት ኪስሽ ውስጥ አድርገሽ ግቢ። እንዴት እንደተቀበሉሽም ጻፊልኝ።